ተራዋ ይድረሳት

እሰይ፣ እሰይ የኔ ልጅ… ውሃው ልክ ነው። አይፈጅ፣ አይበርድ። ለዚህ አይደል እጀ ወርቅ የምልሽ? አንገቴን ብቻ ቀስ አድርጊው፤ የአሮጊት አንገት እንደ አሮጌ በር ነው፣ ካልለመዱት ይጮሃል። ሰማዩን አየሽው ዛሬ? ጠዋት ሊዘንብ ጠቁሮ ጠቁሮ፣ ከሰዓት እንደ ዋዛ ጥሎን ሄደ። እንደ አንዳንድ ሰው ቃል… መቼም ሰማይን ማን ይጠይቃል።

መስታወቱ አዲስ ነው? አምሮብሻል። ቤትሽ ሰፋ ያለ አስመሰለው። ወይስ ሰው ቀንሶ ነው? የት ቀንሶ! ይኸው እስከ በሩ ተደርድረዋል፣ ቅዳሜ አይደል። እኔም ስመጣ ተራዬን ጠይቄ ነው የተቀመጥኩት። ጉልበቴን ታውቂዋለሽ፣ መቀመጡ ምርቃት፣ መነሳቱ ሙግት ነው። እነዚህ ደጋጎች "እማማ ይለፉ" ብለውኝ ነበር፤ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። በቅርቡ አንድ የተማረ ሰው አስተምሮኝ… "እማማ፣ ለአንድ ሰው ተብሎ ተራ አይፈርስም" ብሎ። በስተርጅና የተማሩት ትምህርት ቶሎ አይረሳም።

ያቺ ከፀጉር ማድረቂያው፣ ከካስኩ ሥር ያለችው ግን ከኔ በኋላ መጥታ ከኔ በፊት ገባች ልበል? አይ፣ አይ! ቅር ብሎኝ አይደለም፣ እኔ ልሙት። ቸኩላለች ብላችሁኛል፤ ሰኞ ትልቅ ጉባኤ አለባት ብላችሁኛል። ልክ ነው። ትልቅ ሰው ተራ ይጠብቃል እንዴ? ተራ እኮ… ለተራ ሰው ነው።

ማን እንደሆነች እኔ ምን አውቄ። ፊቷን መጽሔት ጋርዶታል፣ ራሷን ካስኩ ውጦታል። ያ ነገር ደግሞ እንዴት ይጮሃል፣ የንብ ቀፎ ነው የሚመስለው! ከሥሩ ላለ ሰው ሰማይ ቢወድቅ አይሰማም ይላሉ። ድሮ ሰው መስማት ያልፈለገው ነገር ሲመጣ "ጆሮ ዳባ ልበስ" ይል ነበር፤ ዘመን ተሻሻለና ጆሮ ካስክ ልበስ ሆነ። እንግዲህ እሷ ካልሰማች እኛ እንጫወት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው አይደል የሚባለው?

እስቲ እዚህ ጋ፣ ከጆሮዬ ከፍ ብሎ… እህ፣ እዚያው። በላኝ፣ እከኪልኝ። ምን ያስቅሻል? "በላኝ" ማለት ነውር ሆነ እንዴ? አይ… ሆኗል ለካ፣ ረስቼው። ሰሞኑን እኛ ቤት "በላ" የሚባል ቃል ብዙ ጣጣ ይዞ ገብቷል። ያልሰማሽው ነገር ነው፤ ልንገርሽ?

ወፌን ታውቂያታለሽ፣ የልጄን ልጅ። ባለፈው ጥፍሯን የቀባሽላት፣ ያቺ ዓይን ዓይንሽን እያየች የምታወራው። ጆሮዋ ከትንሽነቷ ጀምሮ ደከም ያለ ነው። ትንሽ በጆሮዋ ትለቅማለች፣ የቀረውን ከሰው አፍ ላይ ታነሳለች። ቅርብ ሆነሽ ፊት ለፊት ካወራሻት ከኔም ካንቺም አስበልጣ ትሰማለች። ፊትሽን ካዞርሽ… ጠፋሽባት። "አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል" ሲባል ለኛ ተረት ነው፤ ለሷ የዘወትር ሥራዋ ነው። ስንቱን ጭንቅላት አይታ ዝም እንዳለች እሷና ፈጣሪ ይወቁት።

መምህሯ የተባረከ ልጅ ነው። መጀመሪያውኑ አይቷት ከፊት አስቀመጣት፣ አለቀ። አንድ ሰሞን ጢሙን አሳድጎ ነበር፤ ወፌ "ቲቸር፣ ጢምዎ ቃሉን ይበላዋል" ብላው በነጋታው ተላጭቶ መጣ። ስብሰባ አልጠራ፣ ማስታወቂያ አልለጠፈ። ሙልጭ አድርጎ ተላጭቶ መጣ። እንዲህ ያለ ሰው ግን አይሸለምም። ጢም መላጨት ምን ይደነቃል? ፎቶ ላይ እንኳ አይወጣ።

ርዕሰ መምህርቷስ ብትይ! ስሟን አልጠራም፤ ስም መጥራት ሐሜት ነው፣ እኔ ደግሞ የማወራው ምስጋና ነው። እንዲህ ያለች ፍትሐዊ ሴት በዕድሜዬ አላየሁም። ፀሐይ እንኳ አንዱን ስታሞቅ ለአንዱ ጥላ ትጥላለች፤ እሷ ግን ሁሉንም እኩል! አንዳንድ ወላጅ "ያቺ ልጅ ሁልጊዜ ከፊት፣ የኛ ሁልጊዜ ከኋላ፣ ለምን?" ብሎ አመለከተ አሉ። ምን ያጣላል፣ የሰውም ልጅ ልጅ ነው፤ እኔም ብሆን እንደዚያው እል ነበር። ታዲያ እሷ ምን አደረገች? ሌላ ሰው ቢሆን ቁጭ ብሎ የማንን ልጅ ምን አገኘው ብሎ ያስብ ነበር። ማሰብ ደግሞ ያደክማል። እሷ ሕግ አወጣች። በየሳምንቱ ሰኞ ሁሉም ልጅ ወንበር ይለውጣል፤ የፊቱ ወደ ኋላ፣ የኋላው ወደ ፊት። በተራ። ሁሉም ልጅ እኩል ያያል፣ ሁሉም ልጅ እኩል ይሰማል አለች።

እውነቷን እኮ ነው። ወፌም እኩል ነው የምትሰማው… እኩሌታውን።

አጥብቀሽ እሺው፣ አይዞሽ፣ ያለኝ ፀጉር እንደሆነ ለወሬ ማሞቂያ ነው።

ልጄ ሥራ እያስመሻት እኔው ሄድኩ፣ ላነጋግራት። ቢሮዋ እንዴት ያምራል! አበባው በየጥጉ፣ ወንበሩ ሲቀመጡበት እንደ ሊጥ ይውጣል። እንዴት ባለ ጨዋነት ተቀበለችኝ መሰለሽ። ወንበሩን ጎትታ ወደ ራሷ አስጠጋችልኝ። "ቀረብ ይበሉ እማማ፣ በደንብ እንዲሰሙኝ" አለችኝ። አየሽ ልብ! የአሮጊት ጆሮ እንደሚደክም ማንም ሳይነግራት አወቀች። እኔም ቀረብ ብዬ ሰማኋት። "ለአንዷ ካደላሁ ለሁሉም ላደላ ነው፤ እኛ እዚህ የምንሠራው በአካቶ ነው" አለችኝ። "በምን?" አልኳት። "በአካቶ። አካቶ ትምህርት፤ ማንንም ሳይተው" አለች።

እኔ ያልተማርኩት ምን ልሁን? "ከቶ" ነው የሰማሁት። ከቶ ማስተማር። ድንች ጆንያ ውስጥ ከቶ እንደሚሄድ ሰው፤ ከገባ በኋላ የላዩ ይተንፍስ የታቹ ይታፈን ማን ያያል? ወደ ቤቴ ስመለስ ደግሞ መንገድ ላይ ያኛው "ከቶ" ትዝ አለኝ፣ "ከቶ አይሆንም" የሚባለው። ሁለቱን ከቶ ይዤ ቤት ገባሁ። የትኛውን እንዳለችኝ ይኸው እስካሁን አለየሁም።

ተራው ሁሉን ያዞራል ብለሽ እንዳታስቢ ደግሞ። አንዲት ወንበር አለች፣ ከመምህሩ ጠረጴዛ ሥር፣ የማትነቃነቅ። የወላጅ ኮሚቴው ሊቀመንበር ልጅ ነው የሚቀመጥባት። መዞር ራሱን ያዞረዋል አሉ። ምን ይደረጋል፣ ሕመም ነው! እንደዚህ ያለ ሕመም ሲያጋጥም ርዕሰ መምህርቷ አንጀቷ አይችልም። ጆሮ ቢሆን ኖሮ እንኳ…

በኋላ ስጦታ መጣ። ለትምህርት ቤቱ፣ እንደ ወፌ ላሉ ልጆች ተብሎ። ትንሽዬ ማይክ ናት፤ መምህሩ ደረቱ ላይ ይሰካታል፣ ድምፅ ማጉያዋ ልጅቷ አጠገብ ትቀመጣለች። ከኋላም ብትሆን ይሰማታል። ያን ሰሞን ወፌን ብታያት! ቦርሳዋን ሳታወርድ ሮጣ መጥታ "እማማዬ፣ እማማዬ፣ ቲቸር ሲያስነጥስ ሰማሁት!" ትለኛለች። ሲያስነጥስ! ሰው ለማስነጠስ ሲዘል አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔም አብሬ ዘለልኩ፣ በዚህ ጉልበቴ።

ከዚያ ማይኳ ከክፍሉ ወጣች። የት ሄደች መሰለሽ? ወደ ላቀ ኃላፊነት። ጠዋት ጠዋት ሰልፍ ላይ ርዕሰ መምህርቷ ንግግር ታደርግባታለች። ዕቃም እንደ ሰው ዕድገት አለው ለካ፤ ለጆሮ የመጣች ለጉሮሮ ተሾመች። ስለ ምን የምትናገርባት ይመስልሻል? መስማት ስለሚቸግራቸው ልጆች! አዝና እኮ ነው። ሲቃ ሲተናነቃት ሳይቀር በማይኳ ጥርት ብሎ ይሰማል ይላሉ። ከበሩ ወዲያ ሳይቀር።

እንግዶች የመጡ ዕለትማ ወፌን አምጥተው ከፊት አስቀመጧት። ያን ቀን ተራ አልነበረም… ተራ ቀን አልነበረማ። ፀጉሯ ላይ ሪባን አሰሩላት፣ ፎቶ አነሷት። ርዕሰ መምህርቷ ቆማ ተናገረች፤ እጇን ወደ ወፌ እየዘረጋች፣ ስለ ወፌ፣ ስለ ራሷ ስለ ልጅቷ። አዳራሹ በሙሉ መሐረብ አወጣ አሉ። ማታ "ምን አለች ስላንቺ?" ብዬ ጠየቅኳት። "አላውቅም እማማዬ፤ ማጉያዋ ወደ ሰዎቹ ዞራ ነበር፣ አፏን ደግሞ ማይኳን በያዘችበት እጇ ሸፍናው ነበር። ሰዎቹ ሲያጨበጭቡ አጨበጨብኩ" አለችኝ።

ሰዎቹ ሲያጨበጭቡ አጨበጨብኩ።

ያ ሁሉ አዳራሽ ስለ አንዲት ልጅ ሰምቶ፣ ያልሰማችው ልጅቷ ብቻ… ሻምፖው ዓይኔ ገባ መሰለኝ። ፎጣውን አቀብይኝ እስቲ። ተይ፣ ተይ፣ እኔው እጠርገዋለሁ።

ከመታጠቢያው ልነሳ? ያዢኝ እንግዲህ። እሰይ። እዚህ ከመስታወቱ ፊት ይሻላል፤ ለምነግርሽ ነገርም መስታወት ያስፈልገናል። ጫፍ ጫፉን ብቻ ቁረጪልኝ፣ እንዳታሳጥሪው። ያጠረ ነገር አልወድም፣ ከወሬ ጀምሮ።

አሁን ወደ "በላ" ልምጣልሽ። ወፌ ተራዋ ደርሶ ከኋላ፣ ከግድግዳው ሥር ተቀምጣለች። ማይኳ በሹመት ላይ ናት። ቃል ጽሕፈት ሆነ፤ መምህሩ ያነባል፣ ልጆቹ ይጽፋሉ። "ልጆች፣ መላ በሉ" ብሎ አነበበ። መላ በሉ፣ ዘዴ ፈልጉ፣ አይደል? እስቲ አንቺ፣ መስታወቱን እያየሽ፣ ድምፅ ሳታወጪ "መላ" በይ። … ጎበዝ። አሁን "በላ" በይ። … አየሽልኝ? ከንፈርሽ ሁለቱንም አንድ አድርጎ ነው የገጠመው! እነዚያም ወንበር ላይ ያሉት ሞከሩት፣ ተመልከቺያቸው፣ ሁሉም አፋቸውን እንደ ዓሣ… ካስኩ ሥርም አንድ ከንፈር የተንቀሳቀሰ መሰለኝ። አይ፣ መጽሔቱ ነው።

እና ወፌ ምን ትጻፍ? ያየችውን ጻፈች። "ልጆች፣ በላ በሉ።"

ከመቶ ልጅ ስህተት አንዱ ነው፤ ቀይ መስመር ተሰምሮበት ያልፋል። ግን ወረቀቱ እጅ በእጅ ቢሮ ደረሰ። ርዕሰ መምህርቷ አየችው። "በላ በሉ።" አየችና… አልሳቀችም። "ማን ነው የበላው? ምን ነው የተበላው? ይሄ የልጅ ነገር አይደለም፣ ከቤት የመጣ አሽሙር ነው!" አለች። አሽሙር! እኔን እኮ ነው እጀ ወርቅ! አንቺ ምስክሬ ነሽ፣ ከዚህ አፍ አሽሙር ወጥቶ ያውቃል? እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከ"ሀ" እስከ "መ" ነው። "በ" ሳልደርስ ነው ከትምህርት የወጣሁት። "መላ"ን ባውቅ እንጂ "በላ"ን ከየት አመጣዋለሁ? "በላ"ማ ገፍተው የተማሩ ሰዎች ቃል ነው።

ደግሞ ማን ስም ጠራ? አንድ ሰው "በላ" ቢል፣ ያልበላው ሰው ምን አስደነገጠው? እስቲ ይሄ ቤት ይመስክር፣ ስንት ራስ ያየሽ ልጅ ነሽ፤ የሚያከው የበላው ነው ወይስ ያልበላው? … ተይው፣ አትመልሺልኝ። ያንቺ ሥራ መቁረጥ ነው፣ የኔ መቀጠል።

ፍርድ ተሰጠ ልልሽ ነው። እሱም በፍቅር! "ልጅቷ ከክፍሏ እኩል መራመድ ስላልቻለች፣ ለራሷ ጥቅም ሲባል፣ ከሰኞ ጀምሮ አንድ ክፍል ዝቅ ትበል።" ለራሷ ጥቅም! እኛ ሞኞቹ ልጅ መቅጣት ለቀጪው ጥቅም ይመስለን ነበር። ወፌ እንግዲህ ከነዚያ ጥርሳቸው ገና ከሚወልቀው ጋር ልትቀመጥ ነው። ያን ከነገሯት ጀምሮ ዩኒፎርሟን ግድግዳ ላይ ሰቅላ ታየዋለች፤ አትነካውም። ትናንት ማታ መጥታ ጉልበቴ ላይ እጇን ጫነችና፣ ፊቴን ወደ ራሷ አዙራ… እንደዚያ ናት፣ ትልቅ ነገር ልትጠይቅሽ ስትል ፊትሽን በሁለት እጇ ትይዘዋለች… "እማማዬ፣ እዚያስ ከፊት ያስቀምጡኛል?" አለችኝ።

ምን ልበላት? ለምን ዝቅ አልኩ አላለችም። ማን በደለኝ አላለችም። እዚያም ተራ እንዳለ እንዴት አድርጌ ልንገራት? ፀጉሯን ደባብሼ አስተኛኋት።

ቀና ልበል? እንዲህ?… ሰኞ ግን እንዴት ያለ የተባረከ ቀን ነው አንቺ። ጠዋት ወፌ ዝቅ ትላለች፣ ከሰዓት ርዕሰ መምህርቷ ከፍ ትላለች። በአካቶ ተመስግና ልትሸለም ነው አሉ፤ በትልቅ አዳራሽ፣ በትልልቅ ሰዎች ፊት። ሚዛን ማለት ይሄ አይደል? አንዱ ወገን ዝቅ ካላለ ሌላው እንዴት ከፍ ይላል? መቼም እሷም ለሰኞ ፀጉሯን መሠራቷ አይቀርም… የት ትሠራ ይሆን? ጥሩ እጅ እንዲገጥማት እመኛለሁ። ከላይ ከላዩ ከተስተካከለ፣ የውስጡን ማን ያየዋል።

ኧረ ይሄ መነጽር የማን ነው? ውሃ እየተረጨበት እኮ ነው! … የካስኳ ሴትዮ? አይደረግም። መነጽሯ እዚህ፣ መጽሔቱ እዚያ፣ ታዲያ ቅርቡን ያለ መነጽር ታያለች ማለት ነው? እኔም ከመጣሁ ጀምሮ አንዲት ገጽ ስትገልጥ አላየኋትም፤ በጥልቀት የምታነብ ሴት ናት ብዬ ሳደንቃት ነበር። ጠረግ አድርገሽ ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጪላት። ከፍ ያለ ቦታ ለምዳለች።

መነጽር ስል ምን ትዝ አለኝ… ልጄ፣ የወፌ እናት፣ ተማሪ ሳለች አንዲት የጎረቤት ልጅ ነበረች። ሚጢጢ፣ ቀጭን፣ ዓይኗ ደካማ። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው እንደ ጭጋግ ነበር የሚታያት። ያን ጊዜ መነጽር እንደ ዛሬ በየበሩ አይገኝም። አስተማሪያቸው ምን አደረጉ? ከፊት አስቀመጧት። ከሰሌዳው ሥር፣ ዓመቱን በሙሉ። እሱም አልበቃ ሲላት ልጄን ከጎኗ አደረጉ፤ ልጄ ሰሌዳውን እያየች በጆሮዋ ሹክ ሹክ ታነብላታለች፣ እሷ ትጽፋለች። ያለዚያ ጆሮ ያቺ ልጅ "ሀ"ን አታልፍም ነበር። ከክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው እንኳ "ተራ" አላለም። ያልሠለጠነ ዘመን ነው እንግዲህ፤ ፍትሕ ገና አልደረሰንም ነበር።

ያቺ ልጅ አደገች፣ ተማረች፣ ተሾመች፤ ተመስገን ነው። መነጽርም አደረገች። አሁን ሩቁን ጥርት አድርጋ ታያለች አሉ። ሰኞን ታያለች፣ አዳራሹን ታያለች፣ ሽልማቱን ታያለች። ቅርቡ ነው እንጂ… በጆሮዋ ያነበበችላት ልጅ፣ ልጅ ወልዳ፣ የልጅቷ ጆሮ… ተይው በቃ። ለሩቅ ነው መነጽሩ የተሠራላት፤ ምን ታድርግ?

አንቺ፣ ቤቱ ዝም አለ ልበል? … ካስኩ ጠፍቷል ለካ! ከመቼ ጀምሮ? … "መላ በሉ" ስልሽ? ምነው ሳትነግሪኝ! እኔ ደግሞ ከካስኩ በላይ ልሰማ ብዬ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ስጮህ። ታዲያ ሴትዮዋ ለምን አልወጣችም? ደርቃለች እኮ። … ፀጉሯን ነው የምልሽ! ፀጉር ሲደርቅ ከካስክ ይወጣል፤ ሰው ነው አንዴ ከደረቀ… አይ፣ አታስነሺያት! ተያት ትቀመጥ። ሰው ከተመቸው ወንበር እንዲህ በቀላሉ ይነሳል? አንዴ ከተነሳ በኋላ "ተራ" ካሉት መመለሻውን በምን ያውቃል?

እኔ ምን ፈለግኩ በይኝ እስቲ። አንዲት ወንበር። እንደ ሊጥ የምትውጥ አይደለችም፣ የእንጨት ወንበር፣ ከመምህሩ አፍ ፊት። ያቺን ማይክ ደግሞ ከሹመቷ አውርደው ወደ መምህሩ ደረት ቢመልሷት። ሌላው እንደፈለገ ይዙር፣ ማን ጠላ? ከፊት መቀመጥ የሁሉም ልጅ አምሮት ነው፣ አውቃለሁ። ግን ለሌላው አምሮት የሆነችው ወንበር ለአንዷ ጆሮዋ ናት። የሰው ጆሮ በተራ ይለበሳል? እንደ ካስክ? ይሄን ለማወቅ ከ"መ" ማለፍ ያስፈልጋል?

ሰኞ ከሰዓት እኔም ከዚያ አዳራሽ አልቀርም። ወፌን ይዣት እሄዳለሁ። በጊዜ ሄደን፣ ተራችንን ጠብቀን፣ ከፊት እንቀመጣለን። ርዕሰ መምህርቷ ማይኳን ከአፏ ዝቅ ካደረገችልን ወፌ ቃል በቃል ታያታለች፤ አንድም አያመልጣትም። "መላ" አግኝተንላታል ብትል፣ "መላ" ብላ ትሰማለች። ከሩቅ ላየው ሰው ነው እኮ "መላ"ና "በላ" አንድ የሚሆኑት፤ ከቅርብ ይለያሉ። ማይኳን አፏ ላይ እንደደቀነች ከቀጠለች ደግሞ… ያው ወፌ ቅን ልጅ ናት፣ ሰዎቹ ሲያጨበጭቡ ታጨበጭባለች። እኔ ግን ጎኗ ነኝ። ምን እንደተባለ ስትጠይቀኝ ጮክ ብዬ መንገሬ አይቀርም። የሰማሁትን እኮ ነው የምነግራት፤ እኔ ደግሞ አሰማሜን ታውቂዋለሽ… "አካቶ" ሲሉኝ "ከቶ" የምሰማ ሴት ነኝ።

ጨረስሽ? ውይ፣ እንዴት አሳምረሽኛል! ከሃያ ዓመት በፊት የነበርኩትን መሰልኩ፣ ከጉልበት በቀር። እጅሽ ይባረክ። ነይ መነጽሩን ለሴትዮዋ አድርሺላት፤ ያለሱ በሩን አታገኘውም። ቀስ በይ፣ እንዳታስደነግጪያት፤ ልክ አሁን እንደመጣሽ ሆነሽ፣ ምንም እንዳልሰማሽ። እንዲያ ነው ጨዋነት። ከሷ ነው የተማርነው።

እኔስ ልሂድ፣ ወፌ ትጠብቀኛለች። ግን ሰው አንስቼ ሳልመርቅ ወጥቼ አላውቅም፤ ስሟን ያልጠራኋትን ያቺን ፍትሐዊ ሴት ልመርቃት። ቆሜ ነው የምመርቃት፣ ያዢኝማ።

እግዜር ዕድሜ ከጤና ይስጣት። ታርጅ። እንደኔ ታርጅ፣ ከኔም በላይ ታርጅ። ጆሮዋ ደከም ሲል ደግሞ ብቻዋን አያስቀራት፤ በልጆች፣ በልጅ ልጆች ይክበባት፤ ቤቷ ይሙላ፣ ይወራበት፣ ይሳቅበት። ልጆቿም እሷኑ ይውጡ፤ እሷው እንዳስተማረቻቸው ለማንም የማያደሉ፣ ለእናት ተብሎ እንኳ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ፣ ለእናት ተብሎ እንኳ ፊታቸውን ወደ እሷ የማያዞሩ ፍትሐዊ ልጆች ይሁኑላት። ከግድግዳው ሥር አመቻችተው ያስቀምጧት። ሲስቁ አብራ ትሳቅ። ሲያጨበጭቡ ታጨብጭብ። ስለ ምን እንደሆነ አይጨንቃት፤ ስለ እሷ ይሆናል። ደግሞም አይዞሽ በሏት፣ ፍትሕ ባለበት ቤት ማንም አይረሳም…

ተራዋ ይድረሳት።

አሜን በይ እንጂ እጀ ወርቅ። … ጮክ በይ የኔ ልጅ፣ ከኋላም ይሰማ።